ጥፋተኛ ያጣ ሽምግልና

ነጋዴ ስለሆንኩ ከዋጋው ልጀምር። ይሄ ነገር ያስከፈለኝ የልጄን ቀኝ ዓይንና በአንድ ግድግዳ የምንዋሰነውን ጎረቤቴን ነው። ዓይኑን ማን እንዳጠፋው በእርግጠኝነት አላውቅም። ጎረቤቴን ግን ማንም አልወሰደብኝም፤ በገዛ እግሩ ነው የሄደው፣ ያውም እኔን አክብሮ። ዛሬም ድረስ እንቅልፍ የሚነሳኝ ይሄኛው ነው።

የሆነው ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ዩኒቨርሲቲዎች በሚታመሱበት ጊዜ፣ በኅዳር ወር ነው። የዩኒቨርሲቲውን ስም አልጽፍም። የማን ብሔር ልጅ የማንን ልጅ እንዳሳደደም አልጽፍም። አንባቢ ክፍት ቦታውን በፈለገው ይሙላው፤ በየትኛውም ቢሞላው የሆነ ካምፓስ ላይ ልክ ይመጣል።

ካዛንቺስ ውስጥ ሻንጣ እሸጣለሁ። ትምህርቴ ስምንተኛ ክፍል ላይ ነው የቆመው፤ ቀሪውን መንገድ ላይ ነው የጨረስኩት። ከሱቄ ቀጥሎ ተስፋዬ የሚባል ልብስ ሰፊ ነበር። ቤተሰቡ ከሰሜን የመጣ ነው፤ ቤታቸው ውስጥ ሁለት ቋንቋ ይነገራል፣ ሲጣሉ በአንዱ፣ ሲታረቁ በሌላው። የእኔ ሰዎች ደግሞ ከቡታጅራ ወዲያ ካለው አገር ናቸው፣ እስላም ነን። ተስፋዬ፣ ሐጅ ሳልሄድ «ሀጂ» እያለ ይጠራኝ ነበር። እኔ ደግሞ ጾም ስለሚያጠብቅ «መምሬ» እለው ነበር።

«ሀጂ፣ ይሄ ሻንጣ ኤርፖርት ይደርሳል?» ይለኛል ደንበኛ ፊት።

«አንተ የሰፋኸው ሱሪ ቤተክርስቲያን ከደረሰ ይደርሳል» እለዋለሁ።

ደንበኛው ይስቃል፣ የሳቀ ደግሞ ይገዛል። ዚፑ የተበላሸ ሻንጣ ሲመለስብኝም የሚጠግንልኝ እሱ ነው። ዕቃዬ ቻይና ተሠርቶ ካዛንቺስ ይጠገን ነበር ማለት ይቻላል።

የእኔ ልጅ ፉአድ ይባላል፣ የእሱ ናሆም። ፉአድ በሁለት ዓመት ይበልጠዋል። በሁለታችን ሱቅ መካከል ባለው ደረጃ ላይ ነው ያደጉት። በዓል ሲመጣ ሥጋችን ስለማይገናኝ፣ ፋሲካም ሆነ ኢድ ሁለቱ ልጆች ለብቻቸው ሽሮ ይሠራላቸዋል። በዓል በመጣ ቁጥር ሽሮ አምሮት የሚንቀዠቀዥ ልጅ ያየሁት በእነሱ ነው።

ፉአድ ያን ዓመት ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነበር። ናሆም ደግሞ ፈተናውን አልፎ ምደባ ይጠብቃል። ምደባ ማለት መንግሥት ልጅህ የት አገር ሄዶ እንደሚማር የሚነግርህ ቀን ነው። ለወላጅ ጭንቅ ነው፣ ለእኔ ገበያ። ግን ገበያውም ተለውጦ ነበር። ድሮ ወላጅ ሻንጣ ሲያገላብጥ «ይበረክታል?» ይለኝ ነበር። ያን ዓመት አንዲት እናት ባለ ጎማውን ትልቁን ሻንጣ አንስታ መዘነችና «ወንድሜ፣ ይሄን ይዞ መሮጥ ይቻላል?» አለችኝ። ከእሷ በኋላ የመጡትም እንደዚያው። ዜና አልከታተልም፤ በዚያ ሰሞን ግን ዜና የሚነግረኝ ሻንጣዬ ነበር።

ተስፋዬ ስልኩን ይዞ መጣ።

«ናሆም ፉአድ ያለበት ደረሰው» አለኝ።

«እሰየው ነዋ! ምን ሆነህ ነው ፊትህን እንዲህ ያደረግከው?»

«ሀጂ፣ እዚያ አገር የእኛን ሰው አይወዱትም።»

«እዚህስ ማን ይወድሃል? ታግሰንህ እኮ ነው።»

ሳቀ። ግን ሳቁ ሙሉ አልነበረም፤ ከሻንጣዎቹ አንዱ ላይ ቁጭ ብሎ ብዙ ቆየ።

የሚሄዱበት ቀን ጠዋት ወደ መናኸሪያ የሚወስዳቸው ታክሲ ሱቃችን ደጃፍ ቆመ። ሻንጣው የእኔ ነው፣ ናሆም የለበሰው ጃኬት የአባቱ ስፌት። ሚስቶቻችን በሶና ዳቦ ቆሎውን ጭነው ሲጨርሱ፣ ተስፋዬ የልጁን እጅ ያዘና ወስዶ ፉአድ መዳፍ ውስጥ አስቀመጠው። ሰፈርተኛው ቆሞ እያየ ነው።

«ፉአድ» አለው፣ «አንተን እዚያ ማንም አይነካህም። ከእናንተ ሰው ጋር ማን ይጣላል፣ ስኳር ከማን ሊገዛ! ልጄን አደራ።»

«ጋሼ፣ ደረሰኝ ይቆረጥለት እንዴ?» ብሎ ቀለደ ልጄ።

ተስፋዬ አልሳቀም፤ እጁንም አልለቀቀም። «አደራ ብዬሃለሁ።»

ያኔ ፉአድም ቀልዱን ተወ። «እሺ ጋሼ፣ ተቀብያለሁ» አለ።

አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ ይላሉ። ይሄ ተረት ሳይሆን የምንኖርበት ነገር ነው። እኛ ሰፈር ገንዘብ የካደ ሰው እንኳ ሻይ አብሮት የሚጠጣ አያጣም። አደራ የበላ ግን ለቅሶ ሲደርስ ወንበር የሚለቅለት አያገኝም። ታክሲው ሲነሳ ይሄንን እያሰብኩ ነበር ብል ዋሸሁ። የማስበው ከሰዓት በኋላ ስለሚገባልኝ ዕቃ ነበር።

ፉአድ በየእሁዱ ይደውላል። መጀመሪያ መጀመሪያ የሚያወራው ስለ ምግቡ ነበር፣ እየቆየ ሌላ ሌላ ነገር መጣ። ካፌ ውስጥ ጠረጴዛው በቋንቋ ተለይቷል አለኝ። የአንዱ ወገን ልጅ ተሳስቶ የሌላው ጠረጴዛ ላይ ሰሃኑን ካስቀመጠ ሁሉም ማንኪያውን ያቆማል። ሽንት ቤት ግድግዳ ላይ ድሮ የሚጻፈው የፍቅር ነገር ነበር፤ አሁን «ውጡልን» ነው። መምህሩ እንኳ የቡድን ሥራ ሲሰጥ ስም አይቶ ይመድባል፣ ክፉ ሆኖ ሳይሆን እንዳይደባደቡበት ፈርቶ። ሌላ ካምፓስ ላይ አንድ ልጅ ተመታ የሚል ነገር ፌስቡክ ላይ ከወጣ፣ ያ ልጅ ይኑር አይኑር ሳይጣራ እዚህ በምሳ ሰዓት ድንጋይ ይነሳል።

«ተማሪው አልጋ እየተለዋወጠ ዶርሙን ከፋፈለው» አለኝ አንድ እሁድ። «አባዬ፣ በቃ መርካቶ ሆኗል እኮ። ሁሉም በየተራው ነው።»

«አንተስ ምን ተራ ነህ?» አልኩት።

«እኔማ ምናለሽ ተራ» አለኝ። ሳቅን።

እውነቱንም ነበር። ልጄ ከሁለቱም አልነበረም። ኳስ ላይ በረኛ ነው፤ ጥሩ በረኛ ስለጠፋ ሁለቱም ወገን በየተራ ያሰልፉት ነበር። ግን እሱንም መወትወት ጀምረዋል። «አቋምህን አሳውቅ» ይሉታል። ከነጋዴ ቤት ያደገ ልጅ ከሁሉም ጋር ሰላም መሆን አቋም ይመስለው ነበር፤ እነሱ ዘንድ አይቆጠርም።

ናሆም ደግሞ የአዲስ አበባ ልጅ ብቻ የሚሳሳተውን ስህተት ተሳሳተ። በገባ ሰሞን ትልልቆቹ ከበውት «የት ነህ?» አሉት።

«ካዛንቺስ።»

«እሱን አይደለም። አባትህ የት ነው?»

«አባቴም ካዛንቺስ ነው፣ ልብስ ይሰፋል።»

ሲቀልድባቸው መሰላቸው። ልጁ ግን የተጠየቀውን ነው የመለሰው። ቤቱ ውስጥ አገር ተብሎ ሲነገር የሰማው አያቶቹ ያሉበት ነው፤ እሱ አንዴ ለሠርግ ሄዶ ሆዱን ታሞ የተመለሰበት ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ፉአድ አልጋውን ለቆ ናሆም ክፍል ገባ። እዚያ ሕንፃ ላይ የቀሩት የናሆም ወገን የሆኑ ጥቂት ልጆች ብቻ ነበሩ።

ኅዳር ላይ ነገሩ ፈነዳ። ትምህርት ቆመ፣ ግቢው ውስጥ ፌደራል ገባ፣ ወጣ፣ እንደገና ገባ ይላሉ። ተስፋዬ ስፌት መኪናው ላይ መቀመጥ አቃተው። ጨርቅ እንደያዘ እኔ ጋ መጥቶ ስልኬን ያያል።

ሐሙስ ቀን ነው፣ ከምሳ በኋላ። ስልኬ ጮኸ፣ ፉአድ ነው። ተስፋዬ ፊቴ ሻንጣ ላይ ተቀምጧል።

«አባዬ፣ ዛሬ ማታ ይሄን ሕንፃ ሊመቱት ነው ተብሏል» አለኝ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የሚያወራው። «ኳስ አብረን የምንጫወት ልጆች መጥተው ነገሩኝ። አንተ እዚህ ነገር ውስጥ የለህበትም፣ ዕቃህን ይዘህ ውጣ አሉኝ።»

«ናሆምስ?» አልኩት።

«ናሆምን አይደለም ያሉት።»

ተስፋዬ የሰማው የእኔን ቃል ብቻ ነው፣ ግን የልጁን ስም ሰምቷል፣ ፊቴንም አይቷል። ብድግ አለ። ምንም ሳይለኝ ወጣና ወደ ሱቁ ገባ። ወዲያው በግድግዳው በኩል የስፌት መኪናው ሲጮህ ሰማሁ። ያለ ማቋረጥ ይረግጠዋል። ያን ጊዜ እየሰፋ አልነበረም። እኔ ለልጄ የምለውን ላለመስማት ነው። የፈለግኩትን እንድናገር ነፃ አወጣኝ።

እኔም ነፃ ሆንኩ። «ውጣ» አልኩት። «አባትህ ነኝ፣ አሁኑኑ ውጣ።»

«አባዬ፣ አንተ ፊት እኮ ነው እጁን የሰጠኝ» አለኝ።

«ናሆምን ይዘህ ውጣ!»

«በሩ ላይ ቆመዋል። እሱን አያሳልፉትም።»

የመኪናው ድምፅ ቆመ። ተስፋዬ በሩ ላይ መጥቶ ቆሟል። ውሳኔዬን ከፊቴ ያነበበው ይመስለኛል።

«ስጠኝ እስቲ» ብሎ ስልኩን ተቀበለኝ። «ፉአድ፣ ልጄ፣ ተስፋዬ ነኝ። ያኔ የሰጠሁህን አደራ አንስቼልሃለሁ። ከዛሬ ጀምሮ የለብህም። አባትህ እንዳለህ አድርግ፤ ውጣ።»

ስልኩ ጮክ ስለሚል የልጄን መልስ እኔም ሰማሁት።

«ጋሼ፣ አደራ በስልክ አይመለስም። ዕቃው እጅ ሲገባ ነው። ካዛንቺስ አምጥቼ አስረክብዎታለሁ።»

ከዚያ ኔትወርኩ ጠፋ። ደጋግመን ብንደውል አልሠራም። ተስፋዬ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ በቀስታ አስቀመጠው፣ የሚሰበር ዕቃ ይመስል።

በማግስቱ ጠዋት ከማላውቀው ቁጥር ተደወለልኝ። ሴት ናት፣ ሲስተር ነኝ አለች። «የፉአድ አባት ነዎት? ልጅዎ ሆስፒታል ነው። በሕይወት አለ። ቢመጡ ጥሩ ነው።» ሌላ ነገር አልነገረችኝም።

ልሄድ ስወጣ ተስፋዬ ጃኬቱን ለብሶ፣ ትንሽ ቦርሳ ይዞ ቆሟል።

«መምሬ፣ የት ነው?»

«አብሬህ ልሂድ።»

«እዚያ ደርሰህ አፍህን ስትከፍት ያውቁሃል። እኔ ልጆቹን ልፈልግ ወይስ አንተን ልደብቅ?»

ቦርሳውን አስቀመጠ። አንድ አባት ልጁ ያለበት ከተማ መሄድ እንደማይችል ሲገባው ዓይኑ ላይ አየሁ። በገዛ አገሩ ነው። በሥርዓት ግብር በሚከፍልበት አገር።

ሆስፒታሉ በተማሪ ተሞልቷል፤ ኮሪደሩ ላይ ሁሉ የተኙ አሉ። ፉአድን ያገኘሁት ጥግ ላይ ነው፤ ግማሽ ፊቱ በፋሻ ተሸፍኗል። ናሆም እግሩ ሥር ተቀምጦ የአስታማሚ ነገር ይሠራል፣ ውኃ ያቀብላል፣ ላብ ይጠርጋል። ሲያየኝ የያዘውን ውኃ አስቀምጦ ተነሳ።

ሲስተሯ መጣች። ወጣት ናት፣ የዚያው ከተማ ልጅ መሆኗ ከንግግሯ ያስታውቃል። ናሆምን ጠቆም አድርጋ «ይሄኛውስ ምንዎ ነው?» አለችኝ።

«ልጄ ነው።»

«ሁለቱም?»

«ሁለቱም።»

አንዱን አየች፣ ሌላውን አየች። «አይመሳሰሉም።»

«እሱን ለእናታቸው ንገሪልኝ» አልኳት።

ፈገግ ልትል ምንም አልቀራት። ጠጋ አለችና «አባቴ፣ ገብቶኛል» አለችኝ በሹክሹክታ። «ሁለቱንም ዛሬውኑ ይዘው ይሂዱ። የሪፈር ወረቀቱን እኔ አስጨርሳለሁ። ይሄኛውን አስታማሚ ብዬ አብሬ አስገባዋለሁ።» ከተማው መውጫ ድረስ በአምቡላንስ ሸኘችን። ስሟን ጠይቄያት ነበር፤ «ተዉት» አለችኝ። ያንን ከተማ ሰው ሲረግም በሰማሁ ቁጥር ዝም የምለው በእሷ ምክንያት ነው።

የሆነውን የነገረኝ ናሆም ነው፤ መንገድ ላይ። ሊመሽ ሲል መጡ። ልጆቹ ቁምሳጥንና አልጋ በሩ ላይ ደረደሩ። ፉአድ ወደ መስኮቱ ሄደ። ያውቁኛል ብሎ ነው። «ፉአድ ነኝ! በረኛው ነኝ!» እያለ ይጣራል። ብዙ ሰው ሲጮህ አንድ ሰው የሚለው አይሰማም። ድንጋይ መጣ፣ መስታወቱ ፊቱ ላይ ፈሰሰ።

ከዚህ በኋላ ያለውን ናሆም ሲነግረኝ አለቀሰ። ከታች አንዱ «በረኛው ነው እንዴ?» አለ። ጩኸቱ ቆመ። እነዚያው ድንጋይ የያዙት ልጆች መጥተው «ክፈቱ፣ ልጁን እንውሰደው» አሉ። ተሸክመው ወደ ክሊኒክ ሮጡ። ናሆም የፉአድን ጭንቅላት ደግፎ፣ የራሱን ፊት በደም በራሰ ጨርቅ ሸፍኖ፣ በመካከላቸው ወጣ። ማንም ማን ነህ አላለውም። ሌሎቹም ልጆች ግርግሩን ተጠቅመው በኋላ በኩል አመለጡ። አንዱ ተሸካሚ መንገዱን ሁሉ «ይቅርታ በረኛዬ፣ ይቅርታ በረኛዬ» ይል ነበር አለኝ። ድንጋዩን የወረወረው እሱ ይሁን ሌላ፣ ፉአድ እስከዛሬ አልነገረኝም። ያውቀዋል ብዬ አስባለሁ።

ካዛንቺስ የገባን ቀን የሰፈሩ ሰው ደጃፋችን ተሰብስቦ ነበር። ፉአድ በፋሻው እንዳለ ከመኪናው ወረደ። የናሆምን እጅ ያዘና ቀጥ ብሎ ተስፋዬ ጋ ሄደ።

«ጋሼ፣ ይረከቡኝ» አለው።

ተስፋዬ እጁን ዘረጋ፣ ግን እስከ መጨረሻው አልዘረጋውም። የልጁን እጅ ሳይነካ፣ እዚያው የሱቁ ደረጃ ላይ ተቀመጠ። ሚስቱ እልል ማለት ጀምራ፣ እልልታዋ መሃል ላይ ወደ ለቅሶ ተለወጠባት።

ዓይኑን ማዳን አልተቻለም። ሐኪሙ ዘግይቷል አለን። ወጣ፣ የመስታወት ዓይን ገባ።

እኔ በአላህ ይሁንብኝ ተስፋዬን አልወቀስኩትም። ባለቤቴም አልወቀሰችውም። ምን ብለን? ሰውዬው ፊት ለፊቴ አደራውን አንስቷል። ይሄን ሺህ ጊዜ ነግሬዋለሁ። እሱ ግን ተለወጠ። ወደ ሱቁ ስገባ እንደ ድሮው «ሀጂ፣ ዛሬስ ማንን አታለልክ?» ማለት ቀረ። ቆሞ ነው የሚቀበለኝ። እኔ «መምሬ» ስለው «አቤት» ይላል፣ ጌታው እንደጠራው ሎሌ። አንተ ማለት ትቶ እርስዎ ይለኝ ጀመር። በየሳምንቱ ሚስቱ ለፉአድ የሆነ ነገር ይዛ ትመጣለች። አትልኩ ስንላቸው ባሰባቸው። ናሆም ትምህርቱን ትቶ አንድ ጋራዥ ሥራ ጀመረ፤ ለፉአድ መታከሚያ ነው ብሎ ደሞዙን ይዞ መጣ። መለስኩለት፤ አጎንብሶ ወጣ።

አንድ ቀን መረረኝና ሽማግሌ ላክሁ። ከእድራችን ሁለት አዋቂ ሰዎች ነበሩ። ተስፋዬ ሱቅ ውስጥ ተቀመጥን፣ ለስላሳ ቀረበ።

«እንግዲህ በዳዩ ማን ነው?» አሉ አንደኛው።

«እኔ ነኝ» አለ ተስፋዬ።

«አልበደለኝም» አልኩ።

ሽማግሌው ተቸገሩ። «ተበዳይ ነኝ ብለህ አይደል የላክኸን?»

«አይደለም። ዝም ብሎ እንደ ድሮው እንዲሰድበኝ ነው የምፈልገው።»

ሁለቱ ተያዩ። ስንቱን ጠብ ያበረዱ ሰዎች ናቸው፣ ግን እንዲህ ዓይነት ክስ ሰምተው አያውቁም። ሁለተኛው አንገታቸውን ነቀነቁ። «ልጆቼ፣ እኛ የምናውቀው ጥፋተኛው ይለያል፣ ካሳ ይቆረጣል፣ ከዚያ እርቅ ይወርዳል። ጥፋት የለም ካላችሁ ካሳ የለም። ካሳ ከሌለ ምኑን እናስታርቅ?»

«ካሳ ይቆረጥብኝ» አለ ተስፋዬ። ስፌት መኪናውን እያየ ነው የሚናገረው። «ዓይን ቢሉኝም እሰጥ ነበር። የማይገጥም ሆኖ ነው።»

ሽማግሌዎቹ ለስላሳቸውን ጨርሰው፣ መርቀውን ሄዱ። ለጠብ ሽማግሌ እንዳለ፣ ለሃፍረት ግን እንደሌለ ያን ቀን ገባኝ።

ጎተራ ኮንዶሚኒየም ዘመድ ቤት ነበራቸው፣ ያንን ተከራዩ። የሄዱት እኔ ዕቃ ለማምጣት መርካቶ በሄድኩበት ቀን ነው። ስመለስ ሱቁ ባዶ ነው። ዚፓቸው ተበላሽቶ ጓዳዬ የተከመሩትን ሻንጣዎች ሁሉ ከልጄ ተቀብሎ፣ ጠግኖ፣ በሬ ላይ በሥርዓት ደርድሮልኛል። ዛሬ እዚያ ሱቅ የስልክ ቀፎ ይሸጣል። ልጁ ጨዋ ነው፣ ጆሮው ላይ ግን ሁልጊዜ ሽቦ አለ።

አንዴ ጎተራ ሄጄ ነበር። ምን ልሁን ብዬ፣ ሩቅ አይደል። ከወንበሩ ሁሉ ጥሩውን ሰጡኝ። ተስፋዬ አልቀመጥም ብሎ ቆሞ አስተናገደኝ። ሚስቱ እኔን ስታይ እንባዋ መጣ፣ ጓዳ ገብታ ቀረች። ናሆም ጫማዬን ሊያስርልኝ ጎንበስ አለ። ደረጃውን ስወርድ ግብር ሰብስቤ የምመለስ መሰለኝ። እኔ በሄድኩ ቁጥር እነሱ እንደሚከፍሉ ስለገባኝ ሁለተኛ አልሄድኩም።

ፉአድ ትምህርቱን እዚሁ አዲስ አበባ በማታ ጨረሰ። አሁን ከእኔ ጋር ሱቅ ይሠራል። ከናሆም ጋር መጀመሪያ ይገናኙ ነበር፣ ኋላ ተራራቁ። ለምን ብዬ ጠየቅኩት። «አባዬ፣ ሲያየኝ የሚያየው የመስታወቱን ነው» አለኝ። «የማይበትን ዓይኔን አያየውም። ደከመኝ።» ያን ቀን ባለመውጣትህ ተጸጽተሃል ወይ ብዬም አንዴ ጠይቄዋለሁ። ዕቃ እያራገፈ ነበር። «ቆይ ይሄን ያዝልኝ» ብሎ ሻንጣውን አቀበለኝና ሥራውን ቀጠለ።

ካምፓሶቹ አሁን ተረጋግተዋል ይባላል። ይሆናል። ምደባ ሲወጣ ወላጆች ዛሬም ይመጣሉ፣ እኔም እሸጣለሁ። ልጁን የሆነ ሰው እጅ ላይ አደራ ብሎ ሲያስቀምጥ የማየው ወላጅ ካለ ግን ወደ ጓዳ ገብቼ ዕቃ የምፈልግ እመስላለሁ። ያን ድንጋይ በወረወረው ልጅ ላይ ብዙም ቂም የለኝም። እሱም የሆነ ሰው ልጅ ነው፣ የሆነ ሰው የሆነ ነገር ነግሮት ነው። አንዳንዴ ግን የነገሩትን ሰዎች ሱቄ ገብተው ሻንጣ ሲያማርጡ ባገኛቸው እላለሁ። አላውቃቸውም። ገብተውም ይሆናል፣ ሸጬላቸውም ይሆናል።

ናሆም በሕይወት አለ። ፉአድ በግራ ዓይኑ ያያል። ተስፋዬ ጎተራ ነው። እኔ ካዛንቺስ ነኝ። አንገናኝም።